ካንዴላው ይቅር

ከአሜሪካ የመጣ ሰው ሻንጣ ሲከፈት ቤቱ ጸጥ ይላል። ጎረቤት እንኳ «እንኳን ደህና ገባ» ለማለት የሚመርጣት ሰዓት ያችን ነው። የእህቴ ልጅ ከሂውስተን አዳማ የገባ ዕለትም እንደዚያው ሆነ። ለእናቱ ሹራብ ወጣ፣ ለባለቤቴ ሽቶ፣ ለልጆቹ ጫማ። የእኔ ተራ ሲደርስ ልጁ ሻንጣውን ትቶ ወደ በረንዳ ወጣና ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ በጨርቅ የተጀቦነ ነገር በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ይሄ ያንተ ነው።»

ጥፋቱ የእኔ ነው። በስልክ «ቅዳሜ ቅዳሜ ቆቃ እየወረድኩ ዓሣ አጠምዳለሁ» ብዬዋለሁ። አጠምዳለሁ ስል ሸምበቆ ላይ ናይለን አስሬ፣ ትል ሰክቼ፣ ጥላ ሥር ቁጭ እላለሁ ማለቴ ነበር። ለእሱ ግን ማጥመድ ሲባል የሚታየው ሻርክ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ፓድሬ የሚባል ረጅም አሸዋማ ደሴት አለ። ማዕበሉ ዳር ቆመው፣ ጀልባ ሳይይዙ፣ ከአሸዋው ላይ ሻርክ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ነው፤ የእህቴም ልጅ ከነሱ ጋር ተቆጥሯል። ያመጣልኝም የዚያኑ ዕቃ ነው። ሁለቱ ቁራጭ ሲገጣጠም አራት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ዘንግ፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክል የክር መጠቅለያ፣ 80 ፓውንድ፣ በእኛ 36 ኪሎ ግድም የሚችል የተገመደ ክር፣ የሥጋ መስቀያ የመሰለ መንጠቆ።

ባለቤቴ ዘንጉን ከላይ እስከ ታች አየችው። «አዳማ ሻርክ አለ እንዴ?»

ልጁ ተስፋ ሊሰጠን ሞከረ። ከሻርክ ወገን ጨው የሌለበትን ውሃ የሚችል አንድ አለ፣ ቡል ሻርክ ይሉታል፤ ከባሕር ተነስቶ ወንዝ ወንዙን ይወጣል። ኒካራጓ ሐይቅ ውስጥ ይኖራል፤ በአማዞን ሽቅብ ፔሩ ድረስ ዘልቋል። ታዲያ በአዋሽስ? አዋሽ እንኳ እንደ እኛው ነው፤ የባሕር በር የለውም። ከጊንጪ በኩል ተነስቶ፣ ቆቃ ላይ አረፍ ብሎ፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ አፋርን ካቋረጠ በኋላ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መንገድ ላይ የሚያድር ወንዝ ነው። ሻርኩ ልምጣ ቢልም የሚገባበት የለውም።

የሆነ ሆኖ ልጁ ሳይሄድ ሳሎን ውስጥ ትምህርት ሰጠኝ። ሶፋው ሻርክ ሆነ። ሻርክ ክር የሚበጥሰው በጥርሱ ብቻ እንዳይመስልህ አለኝ። ቆዳው የብርጭቆ ወረቀት ነው። ከራሱ ወደ ጅራቱ ብትዳብሰው ይለሰልሳል፤ ከጅራቱ ወደ ራሱ ብትመልሰው እጅህን ይልጥሃል። ክሩ እዚያ ላይ ሲፋተግ ቆይቶ ሳስቶ ያልቃል። ደግሞ ሲሸሽ በጅራቱ ክሩን ይገርፈዋል። ስለዚህ ከመንጠቆው ቀጥሎ ለጥርሱ የብረት ሽቦ፣ ከሽቦው ቀጥሎ ለቆዳውና ለጅራቱ ከሻርኩ ቁመት የሚረዝም ወፍራም ናይለን ይታሰራል። ዋናው ክር የዓሣውን ገላ ጨርሶ እንዳይነካ ነው።

መጠቅለያው ላይ ያለችውን ቁልፍ «ድራግ» አላት። አልገባኝም። ለሻንጣው የመጣው ጎረቤቴ ሹፌር ነው፤ ቁልፏን ወዲህ ወዲያ አዞረና «ፍሪሲዮን ነዋ!» አለ። ወዲያው ተገለጠልኝ። ዓሣው ሲከብድ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ክር ይለቃል፤ ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል፣ ከላላ ዓሣው ይዞት ይሄዳል። የሚስተካከለው ክሩ ከሚችለው ክብደት ሩብ ወይም ሲሶ ላይ ነው፤ በግምት ሳይሆን በሚዛን። እኛ ቤት ያለው ሚዛን የሻንጣ ነው። ክሩን ሚዛኑ ላይ ቋጥረን፣ እሱ ዘንጉን ይዞ እኔ ስጎትት፣ ፍሪሲዮኑ አሥር ኪሎ ላይ እንዲሸሽ አደረግነው። ባለቤቴ ቡና እየቆላች ታየናለች።

መጨረሻ ላይ አንዲት ቀጭን፣ ተራ ክር አወጣና እርሳሱን በሷ አንጠለጠለው። እርሳስ ስል የተማሪውን አይደለም፤ ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጠውን ብረት ነው። አማርኛችን ሁለቱን ሊለያቸው አልፈለገም።

«ይሄንን የሚያህል ዕቃ በዚህች?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እርሳሱ ታች ድንጋይ ውስጥ ከተወተፈ እሷ ትበጠሳለች። እርሳሱ ብቻ ይቀራል፣ ሌላው ይተርፋል።»

አንገቴን ነቀነቅሁ። ልጁ በሄደ በሳምንቱ ቀጭኗን ክር ቆርጬ ጣልኳትና እርሳሱን በዋናው አሰርኩት። የሻርክ ዕቃ በስፌት ክር አንጠልጥዬ ሰው ፊት አልቀርብም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአዳማ መናኸሪያ ሞጆ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ዘንጉን አየ። «ይሄ ይከፈልበታል።»

«ወንበር አልያዘም» አልኩት።

«መስኮት ይዟል።»

እውነቱን ነው፤ ጫፉ በመስኮት ወጥቶ ከኛ ቀድሞ እየሄደ ነበር። ከፈልኩ። ሞጆ ላይ ወርጄ የመቂውን ስይዝ አሁንም ከፈልኩ። ቆቃ የደረስኩት ሁለት ሰው ሆኜ ነው።

ቆቃ ለኔ ሁልጊዜ ትንሽ የሰንበት ትምህርት ቤት ይሸተኛል። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 አልቆ አዋሽ ሲተኛ፣ ሐይቁ ገሊላ ተባለ። አዳማ ያኔ ናዝሬት ናት። ናዝሬት አድሮ ገሊላ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ የሚወርድ ሰው ጴጥሮስን ሳያነሳ አይመለስም፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ባዶ እጁን ያነጋውን ጴጥሮስ። በዚያ በኩል እንመሳሰላለን። ወንጌሉ ላይ ስለ መረብ የተጻፈውን ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በሉቃስ ዓሣው ሲበዛ መረቡ መቀደድ ጀመረ፤ በዮሐንስ ግን 153 ትልልቅ ዓሣ ገብቶ መረቡ አልተቀደደም። 153 ዓሣ ይዞ ስለ መረቡ የሚጨነቀው፣ መረቡን ቁጭ ብሎ በእጁ ሰፍቶ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ዓሣውን አይቶ ያልፋል።

ዳር ላይ አንድ ወጣት ቁጭ ብሏል። ዘንግ የለውም። ናይለኑን ባዶ ሃይላንድ ላይ ጠቅልሎታል፤ ጠርሙሱን በግራ እጁ፣ ክሩን በቀኝ ጣቱ ይዟል። ከጎኑ አንድ ፌስታል አለ። ዘንጌን ስገጣጥም ዝም ብሎ አየኝና ሲያልቅ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ለጉማሬ ነው?»

ቆቃ ጉማሬ ስላለ ጥያቄው ቀልድ ብቻ አልነበረም። መልስ ሳልሰጥ ወረወርኩ። መቼም ዕቃው ዕቃ ነው፤ ክሩ እየዘመረ ሄዶ ሄዶ ሰማንያ ሜትር ያህል ላይ ጠብ አለ። ወጣቱ ሃያ ሜትር ወረወረ። ዓሣው ያለው ሃያ ሜትሩ ላይ ነበር።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ዘንጌ ጎበጠ። «ያዘ!» ብዬ ጮህኩ፤ እንዲህ ብሎ መጮህ ልጅ ይሰበስባል፣ ሰበሰበም። ፍሪሲዮኑ ይሸሻል፣ እኔ እጠቀልላለሁ፣ ነገሩ ቀስ እያለ ይመጣል። ከልጆቹ አንዱ አምባዛ ነው አለ፣ አንዱ አዞ ነው አለ። ስንት ደቂቃ እንደታገልኩ አላውቅም፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። በመጨረሻ ፍራሽ የሚያክል እምቦጭ፣ ከነሐምራዊ አበባው፣ እግሬ ሥር መጥቶ ተኛ።

ስለ እምቦጭ ሲወራ ሰው ወደ ጣና ያያል። በአገራችን መጀመሪያ የታየው ግን እዚሁ ቆቃና አዋሽ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የቆቃ እምቦጭ ጡረታ የወጣ ነባር ነው፤ እንደ እኔ ያለውን አዲስ ገቢ ያንገላታል።

ሁለተኛው ውርወራ ግን የባሰ ነበር። እርሳሱ ታች ሄዶ አንድ ነገር ውስጥ ተወተፈ። ጉቶም ይሁን ድንጋይ እንጃ። ወደ ግራ ሄጄ ጎተትኩ፣ ወደ ቀኝ ሄጄ ጎተትኩ። ላላ አድርጌ ጠበቅሁ። ምንም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ሰው ሁሉ የሚያማርረው ክር ተበጠሰብኝ ብሎ ነው። የእኔ ክር አልበጠስ አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አባቶች ስምንት ድር ተገምዶ ከቴክሳስ የሚመጣውን አላዩም፤ አንበሳውን ትቶ እኔን አሰረኝ። በእጄ ጠቅልዬ ልጎትተው ብል ጣቴን እንደ ምላጭ ገባበት። አጥብቄ ብስበው ዘንጉ ጠጠጠ አለ። ጥዬው እንዳልሄድ የአንድ ሰው የወር ደመወዝ ነው። ልጆቹ «ጎትት!» «ልቀቀው!» «ዋኝተህ ፍታው!» ይላሉ፤ ያኛው «አዞ ነው» ያለው ልጅ ነው ዋኝ የሚለኝ።

መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ቢላዋን ይዛ መጥታ ገላገለችኝ። ክሩ ሲቆረጥ ጧ! ብሎ ወደ ገሊላ ገባ፤ መንጠቆው፣ ሽቦው፣ ወፍራሙ ናይለን፣ እርሳሱና አርባ ሜትር ክር አብሮት ሄደ።

ይኼኔ የወጣቱም ክር ያዘ። ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አደረገው፤ ሦስተኛው ላይ አንዲት ነገር ታች ትክ አለች። ክሩን ጠቅልሎ አወጣ፤ መንጠቆው ደህና፣ ትሉም እንኳ አለ። «ካንዴላው ይቅር» አለና እጁን ፌስታሉ ውስጥ ሰደደ።

ፌስታሉ ሙሉ ያረጀ የመኪና ካንዴላ ነው። ቀረብ ብዬ አየሁ። ነጩ ሸክላ ላይ ጥላሸት ቀርቷል፤ ጥርሱ ዝገት ይዞታል፤ ጫፉ ላይ እሳት የምትዘልባት ክፍተት ደግሞ ክር ለማሰር የተፈጠረች ትመስላለች። ወጣቱ ክሩን እዚያች ክፍተት ውስጥ አሾለከና በድንጋይ ቀጥቅጦ ዘጋት። ያሰረበትን ክር ሳየው ልቤ ወደቀ። የስፌት ክር ነው፤ እኔ ሳሎን ውስጥ ቆርጬ የጣልኳት።

«ይሄንን ማን አስተማረህ?»

ጥያቄው አስገረመው። «ካንዴላው በነጻ ነው ጋሼ። መንጠቆው በብር ነው።»

የእህቴ ልጅ ግማሽ ቀን ሶፋ ሻርክ አድርጎ ያስረዳኝ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ያን ቀን ወጣቱ ሦስት ካንዴላ ከሰረ፤ ሰባት ቆሮሶና አንድ አምባዛ ይዞ ሄደ። እኔ ቆሮሶዎቹን ገዝቼ ቤት ገባሁ። አምባዛውንም ሊጨምርልኝ ነበር፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ እኛ ቤት አይገባም፣ ባለቤቴ ሕጉን ታውቀዋለች። ሻርክም ቢሆን በዚሁ ሕግ በር ላይ ነበር የሚቀረው።

ማታ ባለቤቴ የተረፈውን ክር በጣቷ ስታንሸራትት ቆየችና አንድ ቦታ ላይ አቆመች። «ይሄ እዚህ ጋ ጠጉር አውጥቷል።» አየሁ፤ እውነትም ሻክሯል። እሷ የፈትል ሰው ናት። የክር ሕመም በዓይን ሳይሆን በጣት ነው የሚታወቀው ትላለች። ከእንዝርቷ አጠገብ ጥቂት ጥጥ ቆንጥራ፣ ክሩ የሚያልፍባቸውን የዘንጉን ቀለበቶች አንድ በአንድ በውስጣቸው ትወለውል ጀመር። ከላይ ሁለተኛው ቀለበት ላይ ጥጡ ያዝ አደረገው። ቀለበቱ ተሸርፏል፤ ጥፍር የማይሞላ ስንጥቅ ናት፣ ግን ክሩ በወጣና በገባ ቁጥር ትግጠዋለች። የሚኒባሱ መስኮት ሥራ ነው። የመስኮቱን ሂሳብ ሁለቴ ከፈልኩ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ የቴክኒክ ኃላፊ ሆነች። ቋጠሮ ሲጠብቅ ናይለኑ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይግላል፣ ሲግል ይደክማል፤ ስለዚህ ከማጥበቅህ በፊት በምራቅህ አርሰው ብሎኝ ነበር ልጁ። ነገርኳት። «ይሄንን ለማወቅ ቴክሳስ ድረስ?» አለችና መርፌ ልትሰካ ክር የምታረጥብበትን ምላሷን አሳየችኝ። አሮጌውን ናይለኔን ደግሞ አጥር ላይ አንጠልጥዬው ከርሞ ነበር። ዋላስ ካሮዘርስ የሚባል ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1935 ናይለንን አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ የአዳማን ፀሐይ አላሰበም። ባለቤቴ አንድ ክንድ ወስዳ ብትስበው እንደ ደረቀ ሣር ቀጭ አለ። «በዚህ ነው ዓሣ አመለጠኝ ስትል የኖርከው?»

አንድ ሰሞን ደግሞ ዝዋይ ወረድኩ፤ ባቱ ማለቴ ነው፣ አፌ አሁንም አልለመደም። እዚያ ጉዳዩ መንጠቆ ሳይሆን መረብ ነው። ወደቡ ዳር ሰዎች መሬት ላይ ተዘርግተው ቀዳዳ ይጠቅማሉ፤ አባ ኮዳዎች እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ኦዲተር ቆመው ይቆጣጠራሉ። መረቡን ማን ቀደደው ብዬ አንድ ሽማግሌ ጠየቅሁ። «ጉማሬ አለ፣ ቅርንጫፍ አለ» አሉ። ከዚያ ወደ ሐይቁ እያዩ፣ «ባለ ሁለት እግር ጉማሬም አለ፤ እሱ አይቀድም፣ ጠቅልሎ ነው የሚወስድ።» የተሰረቀ መረብ ቢያንስ ባለቤት አለው። ሐይቁ ውስጥ ጠፍቶ የቀረው ነው ክፉው፤ ዝዋይ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ቢሆን ነው፣ እዚያ የቀረ ናይለን ቶሎ አይበሰብስም፣ ጌታው ረስቶት እሱ ዓሣ መያዙን ይቀጥላል። ዓሣው ይሞታል፣ የሞተውን ሊበላ የመጣውም ይጠላለፋል። ገሊላ ውስጥ የተውኩት አርባ ሜትር ክር ያን ቀን ትዝ ብሎኝ ምሳዬ አልወረደልኝም። አሁን የተበጣጠሰ ክር ሳይ እየለቀምኩ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ ልብስ የምታጥበው ልጃችን ስለዚህ ብዙ ቅሬታ አላት።

ካንዴላን በተመለከተ ግን እልል በሉልኝ። ሰፈራችን ያለው ጋራዥ ደንበኛ ሆኛለሁ። መጀመሪያ ቀን መካኒኩ «የምን መኪና ነው ጋሼ?» ሲለኝ «የአምባዛ» አልኩት። አላወቀውም፤ አዲስ የመጣ የቻይና መኪና መስሎት «ካንዴላ የሚበላው ለምንድነው?» ብሎ ተጨነቀ። አሁን የወተት ጣሳ አስቀምጦልኛል፤ የባጃጁንም የአውቶሞቢሉንም ይጥልልኛል። የባጃጁ ትንሽ ናት፣ ለተረጋጋ ውሃ ትሆናለች፤ ነፋስ ሲኖር የቶዮታው ይሻላል።

ለእህቴ ልጅ በቪዲዮ ደውዬ አሳየሁት። ፓድሬ ዳርቻ ላይ ቆሞ ነበር። የእኔን ጣሳ ሲያይ ስልኩን ወደ ራሱ ክር አዞረው። ከዘንጉ ጫፍ እስከ ውሃው ቡናማ አረም ተንጠልጥሎበታል፣ ክሩ እንደ ልብስ ማስጫ ረግቧል። «ሳርጋሰም ይባላል ጋሼ። ከባሕሩ እየተንሳፈፈ ይመጣል። ዛሬ ብቻ አራት እርሳስ ወስዶብኛል።»

«እናንተም እምቦጭ አላችሁ?» አልኩት፤ ደስ ያለኝ መሰለኝ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ልጁ የጣሳውን ነገር ለጓደኞቹ አውርቶ ኖሮ በሳምንቱ መልሶ ደወለ። ሰው ሲመጣ ጥቂት ካንዴላ ላክልኝ አለ። አሜሪካ አሮጌ ካንዴላ ጠፍቶ አይደለም፤ ከቆቃ የመጣ ነው ብሎ ሊወረውር ነው።

የሚሄድ ሰው ተገኘ። ባለቤቴ ለልጁ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን፣ ቆሎውን አሽጋ ሻንጣው ውስጥ ደረደረች። እኔ ሃያ ካንዴላ በቤንዚን አጥቤ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ከድርቆሹ ሥር ሸጎጥኩ። ያችን የሻንጣ ሚዛን አምጥተን አነሳነው። የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው፤ ሚዛኑ 24 ከግማሽ ላይ ቆመ። እንደገና አነሳነው፣ ያው ነው። የሚሄደው ሰው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«እንግዲህ ከሽሮው ትንሽ...» ብዬ ጀመርኩ።

ባለቤቴ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ እጇን ከድርቆሹ ሥር ሰደደች።

«ካንዴላው ይቅር።»